ድንጋይ ተሸክሜ ዳገት የወጣሁበት ሰሞን

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት... ሻንጣ ሙሉ ድንጋይ በጀርባዬ አዝዬ፣ እያለከለክሁ ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ አንድ ቄስና አንዲት ሴትዮ መንገዱ መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ እንጂ አልራመድም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ደውለው «ከፋ ሄደን አምስት ቀን ጫካ ለጫካ በእግር እንጓዛለን፣ ትመጫለሽ?» ሲሉኝ ግን ሳላስብ «አለሁበት» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። እንዲህ ያለ ጫካ አይቼ አላውቅማ። የኛ አገር ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ የቀረውም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው።

ችግሩ ሸክሙ ነው። «ሁሉም የራሱን ይሸከማል፣ አሥራ አምስት ኪሎ» ተብሏል። ከዚህ በፊት ከነሱ ጋር ተራራ ልወጣ ሄጄ ገና በመጀመሪያው ቀን ጓዜን ለአራት ተካፍለው ነው ያደረሱኝ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም... እሱ ነው የባሰኝ።

ስለዚህ ከሥራ በፊት ልምምድ ጀመርኩ። በጉና መንገድ ከከተማው ወጣ ሲሉ አንድ ዳገት አለ። ከሥሩ ሻንጣዬን ድንጋይ እሞላለሁ፣ እወጣለሁ። ቁልቁለቱ ጉልበቴን እንዳይጎዳኝ አናቱ ላይ ደፍቼ ባዶዬን እወርዳለሁ። ከዚያ እንደገና እሞላለሁ። በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች የጠበቁኝ።

መስቀል ተሳለምኩ። ቄሱ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የንስሐ አባትሽ ማን ናቸው?»

«ምነው አባ?»

«ቄሰ ገበዙን ይዤ ላናግራቸው ብዬ ነው። ድንጋይ ማሸከም የድሮ ቀኖና ነው። ላንቺ ጾምና ስግደት ይበቃሽ ነበር።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቤታቸው ከዳገቱ ሥር ነው፤ ሦስቱንም ቀን ከደጃቸው ሆነው ሲያዩኝ ኖሯል። «ይቺ ልጅ ምን ብታጠፋ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» አሉ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ቅጣት አይደለም... ጫካ ልገባ ነው» አልኩ።

ያን ማለት አልነበረብኝም። ቄሱና ሴትዮዋ ተያዩ።

«ከማን ተጣልተሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

ልሸፍት መስሏቸው ነው። ከማንም እንዳልተጣላሁ፣ ዛፍና ወፍ ለማየት እንደምሄድ፣ ሸክሙን እየተለማመድኩ እንደሆነ አስረዳሁ። ቄሱ በጣም ሳቁና ባርከውኝ ሄዱ። እትዬ ይታይሽ ግን... ስማቸው እሱ ነው... አልሳቁም። ያራገፍኩትን የድንጋይ ክምር አዩት።

«መሸከም ከሆነ የፈለግሽው፣ ድንጋይ ለማን ይጠቅማል? አህያዬ እግሯን ታማ ቆማለች። እህሌን ወፍጮ ቤት የማደርሰው እኔው ነኝ።»

ወፍጮ ቤቱ ያለው እዚያው ዳገቱ አናት ላይ ነው። በማግስቱ በድንጋዩ ፈንታ አሥራ አምስት ኪሎ ገብስ ሞሉልኝ።

ያን ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ስልሳን ያለፉ ናቸው፤ የራሳቸውን ሸክም አዝለው ከኋላዬ ደረሱና «ተነሺ። ሸክም ይዞ የተቀመጠ መነሻው ይከብደዋል» አሉኝ። ቆሜ ሻንጣውን መንገድ ዳር ባለ የድንጋይ ካብ ላይ አስደግፌ እንዳርፍ አሳዩኝ። ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርገው ወገቤ ላይ የተንጠለጠለውን ወደ ትከሻዬ አወጡት።

«ዳገቱን ቀና ብለሽ አትዪው። እግርሽን እያየሽ ውጪ።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከሳቸው ጋር ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቶችም ሰሙ። አንዷ ምስር፣ ሌላዋ ስንዴ ይዘው ይጠብቁኛል። አንድ ቀን የቄሱም ቤት ስንዴ መጣ። እኔም ደስ ይለኝ ጀመር፤ መድኃኒት ቤት ስገባ ጫማዬ ላይ ዱቄት እያዩ ደንበኞች ይጠይቁኛል።

ትናንት የመጨረሻው ቀን ነበር። እትዬ ይታይሽ እንደ ሁልጊዜው ራሳቸው ሞልተው አሸከሙኝ። እግሬን እያየሁ ወጣሁ... ወጣሁ... ቀና ስል ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነኝ። አንድም ቦታ አላረፍኩም። ልቤ ይመታል ግን ትንፋሼ አለ። አሥራ አምስት ኪሎ ችያለሁ ማለት ነው።

ባለወፍጮው ሚዛን ላይ አስቀመጠው። «ሃያ አንድ» አለ።

«ተሳስተሃል» አልኩት።

«አልተሳሳተም» አሉ እትዬ ይታይሽ ከኋላዬ። «በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ጣሳ እጨምርብሽ ነበር። ብነግርሽ ይከብድሽ ነበር።»

አቀፍኳቸውና እንባዬ መጣ። ከዚያ ሚዛኑን ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፤ ድሮ ጓዜን ለተካፈሉት ለአራቱም። እትዬ ይታይሽ እስክጨርስ ጠበቁኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ አሉ።

«እዚያ ጫካ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለ?»

«የለም እናቴ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ የምትሸከሚው ምን ልታስፈጪ ነው?»

ነገ ማለዳ እንሳፈራለን። ጥያቄያቸውን ለጓደኞቼ አድርሻለሁ... እስካሁን የመለሰ የለም።