ለሽማግሌ የተዘረጋ ግራ እጅ

በማስተምርበት ክፍል፣ ከጠረጴዛዬ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ስምንት ቆርኪዎች አሉ። አራቱ ቀይ፣ አራቱ ብርቱካናማ ናቸው። ጥርሳቸው ዝጓል፤ ቀለማቸውም ከመነካካት ብዛት ተልጧል። ክፍሌን ያየ ሰው እንደሚመሰክረው እኔ ዘንድ ቦታ የሌለው ዕቃ የለም፤ እርሳስ ከእርሳስ፣ ማስመሪያ ከማስመሪያ ጋር ነው የሚቀመጠው። እነዚህን ግን ከምን ጋር እንደማስቀምጣቸው ስላላወቅሁ ለብቻቸው መሳቢያ ሰጥቻቸዋለሁ። መሳቢያውን ስከፍት የዝገቱ ሽታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሥራ ሦስት ዓመቴ ይመልሰኛል።

የምንኖረው አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የኮሪደሩ ምንጣፍ የሁሉንም ቤት ወጥ ጠጥቶ የእኛን ቁሌትና የኤልሳልቫዶር ጎረቤቶቻችንን የበቆሎ ቂጣ አብሮ ይሸት ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ሚስተር ዋልተርና ባለቤታቸው ሚስስ ኤለን ይኖራሉ። ሁለቱም ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስኩዌር ዳንስ የጨፈሩ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት በመከር ሚስስ ኤለን ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አባቴ ሾርባ አስይዞ ሲልከኝ፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው የዳንሱን እንቅስቃሴ ለማጥናት ጨውና በርበሬ መነስነሻዎችን ጠረጴዛ ላይ ሲያንቀሳቅሱ አገኘኋቸው። ስምንት ዕቃ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያላቸው ግን አምስት ብቻ። ሮጬ ከለስላሳ ጠርሙስ የሰበሰብኳቸውን ቆርኪዎቼን አመጣሁ። ነገሩ በዚህ ተጀመረ።

ላላየው ሰው ላስረዳ። አራት ጥንዶች ስኩዌር፣ ማለትም አራት ማዕዘን ሠርተው ይቆማሉ፤ ስምንት ሰው ማለት ነው። መድረክ ላይ ያለው ጠሪ የእንቅስቃሴ ስም ይጠራል፤ ስምንቱም ያንን እንደሰሙ ይፈጽማሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ደረጃ አለው፤ ከመደበኛው በላይ አድቫንስድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቻሌንጅ። ቻሌንጅ ላይ ሲደረስ በባዶው ቦታ የሌለ ሰው እንዳለ ቆጥረህ ከእሱ ጋር ጨፍር ሊባልም ይችላል። አንድ ሰው ከተሳሳተ ስኩዌሩ ይፈርሳል። የሒሳብ ልጅ ነበርኩና ወደድኩት። ሚስስ ኤለን ቀዩን ለወንድ፣ ብርቱካናማውን ለሴት አድርገው በቆርኪ እያስጠኑኝ፣ ሚስተር ዋልተር ኮሪደሩ ላይ እያለማመዱኝ፣ ክረምቱ ሲያልቅ በጎደለው የሚስስ ኤለን ቦታ ለመቆም በቃሁ።

አንድ ነገር ግን እምቢ አለኝ። ዳንሱ ውስጥ በየደቂቃው ግራ እጅ መስጠት አለ። እናንተም እንደኔ ካደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትልቅ ሰው የሚጨበጠው በቀኝ ነው፣ ያውም ግራው የቀኙን ክርን ደግፎ፣ ጎንበስ ተብሎ። ጠሪው «ግራ!» ሲል ግራ እጄን እየፈራሁ እሰጣለሁ፤ ቀኜ ደግሞ ሳላዘው ሮጦ ክርኔን ይደግፋል። በዚያች ቅጽበት የሚቀጥለው ሰው ቀኜን ፈልጎ ያጣዋል።

«ቀኝ እጅሽ ሥራ አለው፤ ሰው እየጠበቀው ነው» ይሉኛል ሚስተር ዋልተር።

«ሶሪ፣ ራሱ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው ለእሱም ንገሪው።»

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ግራ እጄን ለሚስተር ዋልተር ስሰጥ አየኝ። አርሊንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነበር፤ ሥርዓት መጠበቅ እንጀራውም ጠባዩም ነው። ቤት አስገብቶኝ በሩን ከዘጋ በኋላ፣

«ቤዛ፣ ለሽማግሌ ግራ እጅ ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ዳንሱ እንደዚያ ነው።»

«ዳንሱ አላሳደገሽም። እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ።»

በጸደይ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቅዳሜና እሑድ ዝግጅት ተደረገ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አድቫንስድና ቻሌንጅ። ሚስተር ዋልተር በራችን ላይ ቆመው አባቴን ለመኑ። እሷ ካልመጣች ስኩዌራችን ሰባት ሆኖ ይቀራል አሉት። እናቴ በሳምንቱ መጨረሻ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ፍርዱ የአባቴ ብቻ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ተናገረ፤

«አብሬሽ መጥቼ ቆሜ አያለሁ። ነውር ካየሁ የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ወደ ቤት ነው። ነገ የሚባል የለም።»

ዝግጅቱ የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። የወለል ሰም፣ የተተኮሰ ቀሚስና የናና ከረሜላ ይሸታል። አድቫንስዱ ምድር ቤት፣ ቻሌንጁ ፎቅ ላይ ነው። ከሁሉ ታናሿ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው የእናቴን ዕድሜ ሳያልፍ አይቀርም። በስኩዌራችን ውስጥ ሚስተር ግሌን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቀጥ ያሉ፣ ጫማቸው መስተዋት የመሰለ። እንደ ጎዶሎ ዕቃ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ሚስተር ዋልተር አዞሩ።

«ዋልተር፣ ልጅቷ ታች ትሂድ። እዚህ የሚማር ሰው አይመጣም።»

«ልትማር አልመጣችም።»

«ስኩዌሩን ብታፈርሰውስ?»

«ካፈረሰችው እኔም አብሬያት እወርዳለሁ።»

እንግዲህ ያለሁበትን አስተውሉ። በግራ እጄ ካመነታሁ ስኩዌሩ ይፈርስና ምድር ቤት እወርዳለሁ። ካላመነታሁ ደግሞ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ቁልፉን በጣቱ ይዞ ያየኛል። ለሁለቱም መታዘዝ አይቻልም ነበር። ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆመናል፤ ብዙዎቻችን የተማርነው ዘዴ ደግሞ አንዱን ማታለል ነው። እኔ ማታለል አልፈለግሁም።

ሙዚቃው ተጀመረ። ጠሪው ፈጣን ነበር። ጎናችን ያለው ስኩዌር ፈረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ የኋላውም ቆመ። እኛ ቀጠልን። በአእምሮዬ ቆርኪዎቹን እያየሁ ነበር፤ እኔ ብርቱካናማዋ ሦስተኛ ነኝ። ድንገት አንድ ረጅም ጥሪ መጣ፤ ሰባታችን ወደ አንድ ወገን ስንዞር ሚስተር ግሌን ወደ ሌላው ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ፤ አንገታቸው ቀስ በቀስ ሲቀላ አየሁ።

በዚህ ጊዜ ሕጉ ግልጽ ነው። ቦታውን የሚያውቅ ሰው አይነቃነቅም፣ አያወራምም፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። የጠፋው ሰው የተዘረጋውን እጅ አይቶ ቦታውን ያገኛል። እሳቸውን የሚጠብቀው እጅ የእኔ ነበር፤ ግራው። ከግድግዳው በኩል ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማሁ። ቀኜን ብዘረጋ አባቴ ደስ ይለው ነበር፤ ሚስተር ግሌን ግን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይሄዱና ስምንታችንም እንፈርሳለን። ቀኝ እጄን ከቀሚሴ ጋር አጣብቄ ያዝኩት። ግራዬን ዘረጋሁ። ጎንበስ አላልኩም። ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩኝ፤ እጄን ያዙ፤ በግራዬ ሳብ አድርጌ ቦታቸው ላይ አቆምኳቸው። ዙሩን ሳንፈርስ ጨረስን።

በመጨረሻ ስምንቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመሰጋገናሉ። ሚስተር ግሌን ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤

«ነገ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?»

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ የወንዙን ድልድይ እስክንሻገር ድረስ መኪናውን ነዳ። ከዚያ፣

«ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰቨንቲ ኤይት አሉ።»

«በግራሽ ጎተትሽው።»

«አዎ።»

«እያየሁሽ።»

«አዎ አባዬ፣ እያየኸኝ። ጠፍተው ነበር። ቀኜን ብሰጣቸው ይበልጥ ይጠፉ ነበር።» ወደ እሱ ዞርኩ። «ነገ ልትከለክለኝ ትችላለህ። ሰባት ሰው፣ ሁሉም ሽማግሌ፣ እዚያ ቆመው ይጠብቁኛል። አንተ ደውለህ ንገራቸው፤ እኔ አልነግራቸውም።»

ረጅም መንገድ ሄድን። ቤት ልንደርስ ስንል በረጅሙ ተነፈሰ።

«ለሽማግሌ ግራ እጅ መስጠት ነውር ነው» አለ። «ሽማግሌ አስቁሞ መቅረትም ነውር ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አደርስሻለሁ። ትክክል ነሽ ግን አላልኩም።»

በማግስቱ አደረሰኝ። ትክክል ነሽ ያለኝ ግን በዚያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም የለም።

ሚስተር ዋልተር አርፈዋል። ሚስስ ኤለን ቤታቸውን ለቀው ሲሄዱ ቆርኪዎቹን በፖስታ አድርገው መለሱልኝ፤ አንዱም አልጎደለም። የዛሬ ተማሪዎቼ እንደ እኔ የግራና የቀኝ ጭንቀት የለባቸውም። የእነሱ ችግር የትኛውን እጅ እንስጥ ሳይሆን ለሰው እጅ መዘርጋቱ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ከክፍል በኋላ በትምህርት ቤታችን ጂም ስኩዌር ዳንስ የማስተምራቸው። «የአበሻ ልጅ ከፈረንጅ ሽማግሌ ዳንስ ምን አላት?» ያሉኝ አሉ። ያለኝን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው መከር አንድ ልጅ ቀርቶ ከእኔ ጋር ሰባት ሆንን። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መኪናዬ ጋራዥ ስትገባ እሱ ነው የሚወስደኝ፤ በጂሙ በር ላይ ቁልፉን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል።»

«እኔ አልችልም።»

«ሰባት ሰው ቆሞ እየጠበቀህ ነው።»

ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ገባ። ቀላል ቀላሉን እየጠራሁ ዞርን፤ እኔው ጠሪ፣ እኔው ጨፋሪ። «ግራ!» ስል ፊት ለፊቴ ደረሰና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ ግራዬን ዘርግቼ ዝም ብዬ ቆምኩ። ልጆቹ ይስቃሉ። እጄን አየው፤ ፊቴን አየው፤ ቀኙን መለሰ። ከዚያ ግራ እጁን ሰጠኝ፤ ቀኙም ሳያዘው ሮጦ ክርኑን ደገፈ፣ ወገቡም ጎንበስ አለ። በዚህ መሐል የሚቀጥለው ልጅ የአባቴን ቀኝ እጅ ፈልጎ አጣውና ስኩዌሩ ፈረሰ።

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።