ሃያ አራተኛዋ ካሬ

ልጆቹ «ጋሽ ካሬ» ይሉታል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም የመምህራን መዝገብ ውስጥ ተኝቷል፤ የሚቀሰቅሰው የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ታፔላ ጽፏል፦ የፀጉር ቤት፣ የመድኃኒት ቤት፣ የጎማ ጥገና። ክሩን በጠመኔ አሽቶ ግድግዳው ላይ ይወጥርና በሁለት ጣቱ ስቦ ይለቀዋል። ጧ! ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። መስመሩን በመስመር ሲያቋርጠው ግድግዳው በካሬ ይሞላል። በትንሿ ሥዕል ላይም ያንኑ ያህል ካሬ ያሰምርና አንድ ካሬ ካንድ ካሬ እየቀዳ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህለውን ሥዕል ፎቅ ያሳክላታል። ኋላ ባነር የሚያትም ማሽን መጣ፤ ሙያውን ባንድ ዓመት ጠራርጎ ወሰደው። እሱም ብሩሹን አጥቦ ትምህርት ቤት ገባና ሥዕል አስተማሪ ሆነ። ሥዕል ማለት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እሱንም የሒሳብ አስተማሪው ትምህርት ሲጎተትበት ይቀማዋል።

በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ሁሉም ጋሽ ካሬን ያስታውሳሉ። የአዳራሹ ግድግዳ አለ። አንድ የበዓል ሥዕል ተመርጦ በአርባ ስምንት ካሬ ይከፈልና ክፍል ውስጥ ይሰቀላል። አርባ ስምንት ልጆች ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ከኮፍያው ውስጥ ያወጣሉ። እያንዳንዱ የደረሰውን ካሬ በእርሳስ ነድፎ ቤቱ ይወስድና በስንዝር ወረቀት ላይ አሳድጎ፣ በቀለም እርሳስ ቀብቶ ያመጣል። ተገጣጥሞ ሲለጠፍ በዓል ይሆናል። የዘንድሮው ሥዕል ገበታ የከበበ ቤተሰብ ነው፤ ከጣሪያው ፊኛና ባለቀለም አምፖል ተንጠልጥሏል፤ በስተቀኝ ጥግ ደግሞ አበባ የታቀፈ እንግዳ በሩን ከፍቶ ይገባል።

ዳይሬክተሯ ቀድማ አስጠንቅቃዋለች። «ጋሽ ካሬ፣ የዘንድሮ እንግዶች ከበላይ ናቸው። ግድግዳው ካማረ ለሥዕል ክፍለ ጊዜ እከራከርልዎታለሁ። ካላማረ በምን አፌ?»

አምና አምሮ ነበር። ያማረው ግን ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ላጲሱን ይዞ ተቀምጦ የተንጋደደውን ሁሉ አጠፋ፤ የራሱን ቀጥ ያለ መስመር ተካ። ተጨበጨበ። በግልጽ እንነጋገር፦ ይሄ ስርቆት ነው። የልጅን መስመር ሰርቆ፣ የራስን ለጥፎ፣ «የልጆቻችን ሥራ» ብሎ ማስጨብጨብ ሌላ ስም የለውም። «ደክሞት ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ደክሞታል። የደከመው ሌባም ሌባ ነው።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ካሬዎቹን ከታች ወደ ላይ እየለጠፈ ነበር። የምታቀብለው አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ስለ ሰውም ስለ ራሷም ሳትከራከር ስለማትውል ክፍሉ «ጠበቃዋ» ይላታል። ሃያ ሁለትን ለጠፈ። ሃያ ሦስትን ለጠፈ። ቀጥሎ ያቀበለችውን ገልብጦ ቁጥሩን አየ፤ እሱም ሃያ ሦስት ነው። ያው የበር መቃን፣ ያው ቀይ አምፖል።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ቦታው ተይዟል።»

«በማን?»

«በጓደኛሽ። ለሱም ሃያ ሦስት ነው የደረሰው።»

«እና ሦስት ቀን ሙሉ የሳልኩትን ምን ላድርገው? ልብላው?»

ሳቅ መጣበት፤ ለመሳቅም ግን አቅም ይጠይቃል። ብጣሾቹን የጻፈበት ምሽት ትዝ አለው። ራት ቀርቦ ሳይበላ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነበር የሚጽፈው። ሃያ ሦስት ላይ ሲደርስ አንቀላፋ። ሲነቃም በሃያ አራት ፋንታ ሃያ ሦስትን ደገመና ወደ ሃያ አምስት አለፈ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት።

«ሃያ አራትስ?»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። በሩ አለ። አበባው አለ፣ ኮቱ አለ፣ ጫማው አለ። የእንግዳው ጭንቅላት የለም።

«እርስዎ ሊሞሉት ነው?»

«አምስት ደቂቃ ነው።»

«እንደ አምና?»

«አምና ምን ሆነ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ክርክር የለመደ አፏ ዛሬ ቀስ አለ። «አምና የደረሰኝ ጫማ ነበር። ማሰሪያው የተፈታ። አይቼ፣ ቆጥሬ፣ እንደተፈታ ነው የሳልኩት። እዚህ ሲለጠፍ ግን ታስሯል። እማዬን ይዣት መጥቼ «ያንቺ የቱ ነው?» ስትለኝ አጣሁት።»

ጋሽ ካሬ ከወንበሩ ወረደ፤ መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ቆይቶ ሌላውን።

በዚህ መሃል ዳይሬክተሯ ከች አለች። ግድግዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አየችና ጥጉ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ሰውዬ ጭንቅላቱ የት አለ?»

«ቁጥር አሳስቼ ነው። ነገ ጠዋት ይቺ ልጅ ትስለዋለች።»

«ነገ? ነገ አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ እዚህ ናቸው! ጋሽ ካሬ፣ ቀልዱን ይተዉና አሁን ጣል ያድርጉበት። አንድ ካሬ ለእርስዎ ምን አላት?»

«ለኔማ ምንም አይደለችም።»

«ታዲያ?»

«እሷ ናት የምትስለው።»

«እንግዲህ በኋላ እኔን እንዳይሉ» ብላ ወጣች።

ቤት ሲገባ ሴት ልጁ ሞቅ ባለ ውሃ ጉልበቱን አሸችለት። የምትሠራው ባነር ቤት ነው፤ የአባቷን ሙያ ከበላው ማሽን አጠገብ ቆማ ትውላለች። በዚህ ሁለቱም አይቀላለዱም።

«አባዬ፣ ምን አደከመህ? ሥዕሉን በስልኬ አንስቼ ጠዋት አትምልሃለሁ። ግድግዳውን ሙሉ፣ ባንድ ወረቀት፣ በግማሽ ሰዓት። ጭንቅላትም አይጎድለው።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። በዚያች ደቂቃ «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ጉልበቱ ብቻውን ሁለት ጊዜ «እሺ» ብሏል።

«ማሽንሽ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ያስራል?» አላት በመጨረሻ።

«ምን?»

«አያስርም አይደል? ከኔ ይሻላል።»

«ኧረ አባዬ፣ ትኩሳት አለህ እንዴ?» ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠበቃዋ አዳራሹ በር ላይ ቆማ አገኛት። ዴስክ ስቦ አስቀመጣት። የሥዕሉን ሃያ አራተኛ ካሬ በእርሳስ በአራት ትናንሽ ካሬ ከፈለው፤ ባዶ ወረቀቷንም እንዲሁ። ከዚያ ሥዕሉን ዘቅዝቆ ፊቷ ዘረጋው።

«ጋሼ፣ ተዘቅዝቋል እኮ።»

«ሆን ብዬ ነው። ቀና ካለ አፍንጫ ያየሽ ይመስልሽና የምታውቂውን አፍንጫ ትስያለሽ። አሁን አፍንጫ የለም፤ መስመር ብቻ ነው። በየት በኩል ካሬው ውስጥ ገባ? በየት ወጣ? ሌላ አትጠይቂ።»

ሣለች። አጠፋች። ወረቀቱ እስኪሳሳ አጠፋች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ቀበረ፤ ካልቀበራቸው አያምናቸውም። የጆሮው መስመር ከካሬው ጠርዝ ሁለት ጣት ርቆ መውደቅ ሲገባው አንድ ጣት ላይ ወደቀ። አየ። ጥርሱን ነከሰ። «ቁጠሪ» ብቻ አላት።

እንግዶቹ ከተባለው አንድ ሰዓት ቀድመው በሦስት ሰዓት መጡ፤ ሌላ ቦታም መሄድ ነበረባቸው። ሁለት መኪና ሰው ገባ። ዳይሬክተሯ በግልምጫ ጋሽ ካሬን ገደለችው። ትልቁ እንግዳ ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ልክ ጭንቅላት በጎደለው ሥዕል ፊት። ፎቶ ተነሣ። «በጣም ደስ ይላል፣ በርቱ» አለ። ዞሮ እንኳ አላየም። አርባ ሰባት ልጅ ሦስት ሳምንት የደከመበትን ሥራ ሰውዬው በጀርባው አይቶት ሄደ። ጥግ ላይ አጎንብሳ የምትስል ልጅ መኖሯንም ማንም ልብ አላለ።

መኪኖቹ ከወጡ በኋላ ዘበኛው መጣ፤ ከጋሽ ካሬ ጋር የእድሜ እኩያ ናቸው።

«ዘንድሮስ እንግዶቻችንን በደንብ አውቃችሁ ነው የሣላችኋቸው» አለ ወደ ጥጉ እያየ። ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ወንድሜ፣ የሥዕል ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለው ብለውኛል።»

«ምነው?»

«አዲሱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ የለህማ። ባንተ ቦታ የሒሳብ ማጠናከሪያ ገብቷል።»

«ዛሬ ነው የተወሰነው?»

«የምን ዛሬ! ሁለት ሳምንት አልፎታል። ኮፒ ያስደረግሁት እኔ ነኝ፤ ፊርማ አለበት፣ ማኅተም አለበት። የምታውቅ መስሎኝ እኮ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጋሽ ካሬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ደስ ባለን ነበር፣ እኛ እንቆጣለታለን። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ግድግዳው ቢያምርም ባያምርም ያው ነበር። አምናም ያን ሁሉ መስመር የሰረቀው በከንቱ ነበር።

«ጨረስኩ» አለች ልጅቷ የቀለም እርሳሷን አስቀምጣ። ወረቀቱን አቀናችው። የእንግዳው አንድ ጆሮ ከሌላው ይበልጣል፤ አፍንጫው ወደ ገበታው ዞሯል፤ አፉ ለሰላምታ ተከፍቷል። ላጲሱ ጋሽ ካሬ አጠገብ ዴስኩ ላይ ነበር። ልጅቷ አየችው፤ ወዲያው ደግሞ የእሱን እጅ አየች።

እሱ ማስቲሹን አነሣ። «ወንበሩን ያዝልኝ» አለው ዘበኛውን፣ ወጣም። ካሬዋን ቦታዋ ላይ ለጥፎ በመዳፉ ጠርዝ ጠርዟን አሻት።

«ጠምሟል» አለ ዘበኛው ከታች።

«ጠምሟል» አለ ጋሽ ካሬ። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ወንበሩ ላይ እንደቆመ አቀበለው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሂጂ፣ እናትሽን ጥሪያት። ሰው ሳይነቅለው።»