የሳምኩት የጃፓን ድሪቶ

መጀመሪያ ያየሁት ደም ነው። ላሊበላ ውስጥ የካህናት ካባ እየሰፋሁ ነበር የምኖረው። አንድ ቀን ነጩ ጨርቅ ላይ ደም አየሁና ከየት መጣ ብዬ ፈለግኩ። መርፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ተሰክቷል። አላመመኝም።

ክንዴ ላይ ቋቁቻ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት ነበር። ቆነጠጥኩት፤ ምንም። ያኔ ገባኝ። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ልጄ ኮን ከተማ ላለ ቤተሰብ ታጭታ ነበርና። በእኛ አገር ቁምጥና በዘር ይወርዳል ይባላል። «ሠርጉ ይለፍ» አልኩ። ሠርጉ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ እኔም እጅጌዬን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ። ሁለት ጣቶቼ መታጠፍ ጀመሩ። ሐሩን ከጥጡ የምለየው ተደብቄ ከንፈሬን በማስነካት ሆነ።

በድርቁ ማግስት ለእርዳታ የመጣች ጃፓናዊት ነርስ በቀበሌው አዳራሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። ያሳየችን የአገሯ ሴቶች ኪሞኖ የሚሉት የክት ልብሳቸው ሲያረጅ፣ ቀደው እየገጣጠሙ የሰፉት የአልጋ ልብስ ነው። «ድሪቶ ለማየት ደግሞ ሰልፍ!» እየተባባልን ገባን። የቀበሌው ካድሬ ግድግዳው ላይ ያለውን መፈክር እንዳይሸፍንበት አንዱን ዝቅ አስደርጎ አሰቅሎታል። ሰማያዊ ሐር ላይ ነጫጭ ወፎች፣ ስፌቱ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ሳቄ እዚያው ቀረ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። መንካት ይፈቀድ ነበር። ነካሁት። እንጨት የነካሁ ያህል ነው። ራሴን ረሳሁና ከንፈሬን አስጠጋሁ። ለስላሳ ነበር። አለቀስኩ።

ቀና ስል ከኋላዬ የነበሩት አሮጊት እዚያው ቦታ ላይ ተሳለሙ። የካህናት ልብስ ሰፊ የሳመው የተባረከ መስሏቸው ነው። ቀጥላ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎንበስ አለች።

«አትሳሙ!» ብዬ ጮህኩ። «ቁምጥና አለብኝ!»

አዳራሹ ባዶ ሆነ።

ነርሷና አስተርጓሚዋ ብቻ ቀሩ። ነርሷ ክርኔን ዳበሰች። ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ነካካችኝ።

«ሥጋ ደዌ ነው» አለች በአስተርጓሚዋ። «በዘር አይወርድም። ጨርቅ ስለሳሙ ሰው አላስያዙም። መድኃኒት አለው።»

«ጣቶቼስ?»

«ምልክቱን ባዩ ሰሞን መጥተው ቢሆን ኖሮ...»

ዳፕሶን በየቀኑ፣ ሪፋምፒሲን በወር አንዴ እየዋጥኩ፣ ሽንቴ ቀልቶ በደነገጥኩ ቁጥር የመድኃኒቱ ቀለም ነው እየተባልኩ፣ ከብዙ ወራት በኋላ በሽታው ቆመ። ጣቶቼ ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ መርፌም ዳግመኛ አልያዝኩም። የኮን ሽማግሌዎች እጮኝነቱን ለማፍረስ ሳምንት አልፈጀባቸውም። ልጄ ሳታገባ ቀረች። አንዳንድ ቀን መዳኔ ራሱ ያስጠላኛል።

ቢቆነጥጡት የማያም ምልክት ገላችሁ ላይ ካያችሁ፣ ዛሬውኑ ለጤና ጣቢያ አሳዩ። እጅና እግራችሁን ማታ ማታ በዓይናችሁ ፈትሹ፤ የደነዘዘ ሥጋ ሲቃጠልም አይናገርም። ሁሉም ሲሸሽ እጄን ለያዘችው ነርስ እግዜር ይስጥልኝ።

ለልጄ ግን ምን እንደምል አላውቅም። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ እሷ ናት። አንድ ጠዋት ለእሷ ስል እንደደበቅኩ ነገርኳት። እጇ ደረቴ ላይ ቆመ።

«አባዬ» አለች፣ «ጠይቀውኝ ቢሆን ከሠርጉ እጅዎ ይሻለኛል እል ነበር።»