የቡችላዋ ላንቃ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ወልዳ ልጠይቃት ስገባ፣ ወተት የነካው ጥጥ ሸተተኝና አንኮበር ገደል ሥር ያለው ዋሻ ትዝ አለኝ።

ጣሊያን ቤታችንን አቃጥሎ፣ አባቴ ዱር ገብቶ፣ ከእናቴ ጋር እዚያ ተደብቀን ሳለ ውሻችን ወለደች። አንዷ ቡችላ ስትጠባ ወተቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ይወጣል። በእኛ አገር ሕፃን መጥባት ሲያቅተው እንጥሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ቡችላዋን ታቅፌ ሄድኩና፣ አብረውን የተጠለሉትን እንጥል ቆራጭ፣ እማማ ወለላን፣ "ይቁረጡላት" አልኳቸው።

እማማ አልሳቁብኝም። አፏን ከፍተው በጣታቸው ዳሰሱና፣ "የሚቆረጥ የላትም፣ ልጄ። ላንቃዋ ክፍት ነው" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩ።

እናቴ ቡችላዋን ተቀበለችኝ። ትንሹ ወንድሜ ከተቀበረ ብዙም አልቆየም፤ ጡቷ ገና አልደረቀም። ጥጥ ላይ አለበችና የቡችላዋ ምላስ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችላት።

"አንገቷን ቀና አድርገሽ ያዢያት" አለችኝ። "እሱም ቀና ሲል ይሻለው ነበር።"

እሱ ያለችው ወንድሜን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ቡችላዋ በማግስቱ ሞተች። ወንድሜ የሞተ ጊዜ እናቴ ጣሊያን እንዳይሰማት ነጠላዋን ነክሳ ነበር ያለቀሰችው። ለቡችላዋ ግን ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። እማማ ወለላም ዝም በይ አላሏትም።

"እማዬ፣ ይሳሙት እንጂ" አለችኝ አራሷ የልጅ ልጄ።

እጄን ታጥቤ፣ ትንሿን ጣቴን ሕፃኑ አፍ ውስጥ አስገብቼ ላንቃውን ዳሰስኩት። ከዚያ ሳምኩት።