መስኮቱን የጋረደው ጋቢ

ለመምህር ራስ ምታት ብርቅ አይደለም። ስድሳ ልጅ ባንድ ክፍል ሲንጫጫ የማያመው ራስ ካለ የድንጋይ ነው። ስለዚህ በማስተምርበት በአርብ ገበያ ከተማ አንድ ቀን ራሴን ፍልጥ ሲያደርገኝ ችላ አልኩት። ማታውን ትኩሳት መጣ። በማግስቱ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ ማድረግ አቃተኝ፤ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን እንኳ ዓይኔን እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። አከራዬ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። የጠጣሁትን መልሼ ሳስታውከው ደነገጠችና አባቴ ዘንድ ደወለች።

ከአባቴ ጋር ተኳርፈን ነበር። እሳቸው መርጠው የዳሩኝን ሰው ፈትቼ የወጣሁ ዕለት «ከእንግዲህ ደጅሽን አልረግጥም» አሉኝ፤ ያሉትን ደግሞ ያደርጋሉ። ሰው «ልጅህ እንዴት ናት?» ሲላቸው «የትኛዋ ልጅ?» ብለው እንደሚመልሱ ሰምቼ ምርር ብዬ አልቅሻለሁ። ያን ቀን ግን ደጄን ረገጡት። አዝለውኝ ወጥተው መኪና ላይ እንዳስቀመጡኝ አስታውሳለሁ።

ሆስፒታል ከወገቤ በመርፌ ውሃ ቀዱ። ማጅራት ገትር የሚለው ስም ሲነሳ አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ መድኃኒት በመርፌ ይሰጡኝ ጀመር። በኋላ ሐኪሙ መጣና ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ እንዳልተገኘ፣ የኔው በቫይረስ የሚመጣው ዓይነት እንደሆነ፣ መርፌው ለዚህ እንደማይሠራ፣ ዕረፍት፣ ፈሳሽና ማስታገሻ እንደሚበቃኝ፣ ከደነዘዝኩ ወይም ካንቀጠቀጠኝ ግን ወዲያው እንድመለስ በዝርዝር አስረዳን። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝና ገባኝ፤ እፎይ አልኩ። አባቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰሙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መርፌው ቆመ፤ ወደ ቤቷ ትሂድ። በእኛ አገር ሐኪም መድኃኒት አቁሞ «ውሰዷት» ካለ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ወሰዱኝ፤ ቤተ ልሔም ከምትባለው ደብር አጠገብ ወዳለው የወላጆቼ ቤት። የተኛሁበት ክፍል የመስኮቱ መዝጊያ ከተገነጠለ ቆይቷል። «ብርሃኑ ወጋኝ» ስል አባቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በምስማር መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። ከራስጌዬ ተቀምጠው የአብሽ ውሃ በማንኪያ ያጠጡኛል። «ዓለሜ» ይሉኛል። በሕይወቴ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

«የዚያን ሰውዬ ነገር» አሉኝ አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የበደልሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።» እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ።

ከዚያ የንስሐ አባታችን መጡ። ለጥየቃ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ ድምጿ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ቄሱ «ልጄ፣ የምትናዘዥው ነገር ካለ» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ለካ እየሸኙኝ ነው!

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ይቅርታው ለምትሞት ልጅ የተሰጠ ቢሆንስ? ስድን «ዓለሜ» ቢቀርብኝስ? የእናቴን ፊት ሳይ ግን አላስቻለኝም።

«አባዬ» አልኳቸው፣ «እኔ እኮ አልሞትም። መርፌውን ያቆሙት ተስፋ ቆርጠው አይደለም። ይሄኛውን መርፌ አያድነውም፤ ጉንፋንን እንደማያድነው ሁሉ! ሰውነቴ ራሱ ታግሎ ነው የሚያወጣው።»

«ታዲያ አሁንም ራስሽን የሚያምሽ ለምንድን ነው?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ሐኪሙም ይሄንኑ ነው የነገረዎት።»

ቄሱ «እንግዲያስ ለተዝካር ሳይሆን ለምስጋና ነው የመጣሁት» ብለው ሳቁ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ራሴን ለሁለት ሊከፍለው ምንም አልቀረው። አባቴ ግን ተነሥተው ወጡ፤ እስኪመሽም አልተመለሱም። በቃ፣ ኩርፊያችን ተመለሰ አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። የቅዳሴው ደወል ሲሰማ ጋቢያቸውን ሊወስዱ እንደሚገቡ ጠበቅሁ። ያላቸው አንድ ጋቢ ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ያለ ጋቢ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ ታይቶ አይታወቅም። ገቡና መስኮቱ ሥር ቆመው ጫፉን ዳሰሱት።

«ብርሃኑ ዛሬም ይወጋሻል?»

«ትንሽ።»

የረገበውን ጫፍ ወጥረው መልሰው በምስማሩ ያዙትና ወጡ።

የሆነውን ከቅዳሴ ስትመለስ እናቴ ነገረችኝ። በዚያ ብርድ በኮት ብቻ ቆመው ሲያስቀድሱ ሰው ሁሉ እያየ ተገረመ። ሲወጡ ጎረቤታችን «ምነው፣ ጋቢህን ምን በላው?» አላቸው።

«ልጄ ዘንድ ነው» አሉ።