ላት የተቀባው ጎማ

የታላቅ ወንድሜን ሞተር ሳይክል እጠላታለሁ። እዚህ አገራችን ሞላሌ ውስጥ ዕድሜዋን የሚያስታውስ ሰው የለም። መቀመጫዋ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሏል፣ መብራቷ በሽቦ ታስሯል፣ ስትነሳ የምታስለው ሳል ደግሞ ያስጠላል። ወንድሜ ግን ከበቅሎው አስበልጦ ይወዳታል። እኔ ጥገና ስለተማርኩ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ገና ሳልቀመጥ መፍቻ ያስይዘኛል።

ባለፈው ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯም ገፍቷል። በማግስቱ ለክትትል መሐል ሜዳ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት፣ እሱም ከኋላው አፈናጦ ሊወስዳት ቆርጧል። ሞተሯ ደግሞ ዳገት ላይ እየተንቀጠቀጠች ቀጥ ማለት ጀምራለች። በዚያ መንገድ ላይ ያቺን ሴት ይዛ ብትቆምስ ብዬ መፍቻውን አነሳሁ።

ይህች ሞተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡሬተሮች አሏት። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይለግማል። የስበት መለኪያ ስለሌለኝ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች አጥፌ እንጨት ላይ አሰርኩና ግማሹን ዘይት ሞላሁት፤ ሁለቱን ጫፎች ከካርቡሬተሮቹ ጀርባ ሰካሁ። ስበታቸው እኩል ከሆነ ዘይቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይቆማል። ሳስነሳት ዘይቱ በቀኝ በኩል ሽቅብ ወጣ፤ ፈጥኜ ባላጠፋት ልትጠጣው ነበር። ማስተካከያ ብሎኑን ባዞረው ባዞረው ብዙም ለውጥ የለም። በግራ በኩል የሆነ ቦታ አየር ያስገባል ማለት ነው።

እንደገና አስነሳሁና ግራውን ካርቡሬተር ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ጨበጥ አደረግኩት። ዘይቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ችግሩን አገኘሁት ብዬ ሳልደሰት ጣቶቼ ሰመጡ። ጎማው ሙልጭልጭ ያለ፣ የበግ ጸጉር የተለጠፈበት ነገር ሆኗል። እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ምነው ባላስጠጋሁት! የከረመ፣ ግማሹ ያረረ ግማሹ የሸተተ ስብ ነው። ዝንብ ሳይቀር ተጣብቆ ሞቶበታል። ወደ ላይ ወደ ላይ እያለኝ ወደ አጥሩ ጥግ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የቀባኸው?»

«ላት ነዋ! የበግ ላት።» ምን አስገረመህ በሚል ዓይን አየኝ። «ሲሰነጣጠቅ አየሁታ። የሞፈሩን ጠፍር በላት ካላሹት ይደርቅ የለ? ይሄስ በምን ተለየ? በየሳምንቱ ነው የማሸው።»

ቆዳ በስብ ይለሰልሳል፤ ጎማ ግን በስብ ያብጣል፣ ይላሽቃል፣ ይቀደዳል። ይህን ብነግረው «ታዲያ ለስልሶልኝ የለም እንዴ?» ብሎ ተከራከረኝ። ለስልሷል እንጂ! እንደ ገንፎ ለስልሷል። እጄን በሳሙና፣ በአመድ፣ በቤንዚን ባጥበው ሽታው አልለቅ ብሎኛል፣ እሱ ቆሞ ይከራከረኛል።

«ጎማው ሳይቀየር እትዬን በዚህች አትወስዳትም» አልኩት።

«እስከ ዛሬስ በምን ስወስዳት ነበር?»

ጭቅጭቃችንን ሰምታ ሚስቱ ከቤት ወጣች። የፈታሁትን ጎማ አየችው፤ ሆዷን ደግፋ ጎንበስ አለችና አሸተተችው። ወዲያው ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ይኸው ነው» አለች። «ከኋላው በተቀመጥኩ ቁጥር የሚያጥወለውለኝ ይኸው ነው። ሞተሩ ይከረፋል ስለው ‹እርጉዝ ምን የማይሸታት አለ› ይለኛል። እናቴም፣ ጎረቤቱም እንደዚያው አሉኝ።»

ወንድሜ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«እኔ የሚያስጠላኝ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጄ መስሎኝ እግዜርን ይቅር በለኝ እያልኩ ስጸልይ ከረምኩ።»

በማግስቱ በአውቶብስ ሄደች። አብረኸኝ ና አላለችውም።