ጠባሳ የሌለው ስፌት

ለንደን፣ ካምደን ያለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች የጻፉትን እያነበብኩ፣ የተሠራውን ስፌትም ሆነ ጄሶ በኮድ አስገባለሁ። ለሆስፒታሉ የሚከፈለው በእነዚያ ኮዶች ነው። ይህን ሁሉ ማስረዳት ስለሚሰለቸኝ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ብዬ አልፋለሁ፤ ሰውም ነርስ አድርጎ ይቆጥረኛል።

ጋሼ የሃርልስደን ጎረቤቴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሆዳቸውን ታመው እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ታክመው ተመለሱ። ከሳምንታት በኋላ የሰፈር ሐኪማቸው «መዝገብዎ ላይ የሚጥል በሽታ አለ፤ መንዳት ያቁሙ» አሏቸው። ጋሼ አመኑ። በሽታው የሚጥለው ሰው የሆነውን አያስታውስም ስለተባሉ፣ አለማስታወሳቸው ራሱ ማስረጃ ሆነባቸው። የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ እንኳ ተዉ።

«እስቲ ኮምፒውተሩ ላይ ቼክ አድርጊልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የማውቀውን ሰው መዝገብ ከከፈትኩ ያባርሩኛል። ኮፒውን እርስዎ ይጠይቁ፣ አብረን እናነበዋለን።»

ተቀየሙኝ። እኔም መቀየማቸው አናደደኝ። ወረቀቱ ሲደርሳቸው ግን ይዘው የመጡት እኔው ቤት ነው።

ዓይኔ በልማዱ በቀጥታ ወደ ተሠራው ሥራ ሄደ። በሽታ በግምትም ይጻፋል፤ ስፌት ግን ወይ ተሰፍቷል ወይ አልተሰፋም። የሚጥል በሽታ በተጻፈበት ቀን «ራስ ላይ የተሰነጠቀ ቁስል፣ ሰባት ስፌት» ይላል።

«ጋሼ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁልኝ።»

መላጣ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራዬን አቀለሉልኝ። ከግንባር እስከ ማጅራት አየሁ፤ ጭረት እንኳ የለም።

ነገሩ ገባኝ። የእሳቸው ስም ከነአባታቸው ስም የሌላም ሰው ስም ነው። ልደታቸውም፣ በስደት እንደመጣን ብዙዎቻችን፣ ትክክለኛ ቀኑ ስለማይታወቅ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ የተሞላ ነው። መዝጋቢው ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጓቸዋል። በኋላ ሆስፒታሉም ይህንኑ አረጋግጦ መዝገባቸውን ለየ፤ ያኛውንም ሰው ጠርቶ በሽታው የእሱ መሆኑን ነገረው።

ያን ቀን ግን ጋሼ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«በደንብ አየሽ?»

«አየሁ፣ ጋሼ። የለም።»

«በእጅሽ ዳብሺው።»

ዳበስኩ። እሁድ እሁድ በሰው ራስ ላይ እጅ ጭነው የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው፤ ጨርሼ እጄን ላነሳ ስል ግን ያዙኝ።

«ትንሽ ቆዪ» አሉኝ። እያለቀሱ ነበር።